ሙዝና ማንጎ ሲበስሉ ስታርቹ የት ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማንጎ ወቅት ሲደርስ ባሕር ዳር ውስጥ ጥያቄ ይበዛብኛል። ስለ ዕፅዋት ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ ጎረቤትም ዘመድም እኔን ይጠይቃል። ቅዳሜ ገበያ ፍራፍሬ የምገዛቸው እማማ አንድ ቀን ማንጎዬን እየመዘኑ፣ "እስቲ አንተ ተምረሃል፤ ይኼ ለምንድን ነው ቢጫ ሆኖ ውሃ ውሃ የሚለው?" አሉኝ። ቆሜ ልመልስላቸው ስሞክር ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። ያን ቀን ነው በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ የወሰንኩት። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ እንዲህ በገበያ፣ በሰፈርና በክፍል ውስጥ የተጠየቅኳቸው ናቸው።

ስታርች ምንድን ነው? ፍሬስ ለምን ያጠራቅመዋል?

ድንች ልጣችሁና ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ትንሽ ቆይቶ ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ስታርች ነው። ሲበተን ግሉኮስ የሚባል ቀላል ስኳር ይሆናል። ግሉኮስ እንደ ጨሌ አንድ በአንድ ተሰክቶ ሲረዝም ደግሞ ስታርች ይሆናል።

ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ወደ ፍሬው ይልካል። ፍሬው ያን ሁሉ ስኳር እንዳለ ላስቀምጥ ቢል ይቸገራል። ስኳር ውሃ ይስባል፤ ሴሉ ያብጣል። ስታርች ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም። ጠጣር ቅንጣት ሆኖ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ፍሬው ስኳሩን ወደ ስታርች ለውጦ የሚያስቀምጠው።

የሙዝን ነገር ብቻ እንይ። የጥሬ ሙዝ ሥጋ ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ስታርች ነው። በደንብ ሲበስል 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ይቀራል። አብዛኛው ስኳር ሆኗል ማለት ነው። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ከዛፉ ከተለየ በኋላ፣ ወጥ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

ስታርቹን የሚሠራው ማነው?

ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም በሕያው ነገር ውስጥ አንድን የተወሰነ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፤ ሌላ አይነካም።

የመጀመሪያው ስሙ ረጅም ነው። ኤዲፒ-ግሉኮስ ፓይሮፎስፎሪሌዝ ይባላል። ባለሙያዎች ኤጂፒኤዝ ብለው ያሳጥሩታል። ግሉኮስን ለመሰካት ዝግጁ አድርጎ የሚያቀርበው እሱ ነው። የሥራውን ፍጥነት በአመዛኙ የሚወስነውም እሱ ነው። ስኳር ሲትረፈረፍ ይነቃቃል፤ ስኳር ሲያጥር ይቀዘቅዛል።

ቀጥሎ ስታርች ሲንቴዝ የሚባሉት ይመጣሉ። የቀረበላቸውን ግሉኮስ ተቀብለው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ይሰካሉ። ቅርንጫፍ አውጪው ኢንዛይም ደግሞ ከሰንሰለቱ ቆረጥ አድርጎ ወደ ጎን ያስገባዋል። እንዲህ የተንዠረገገው ስታርች አሚሎፔክቲን ይባላል። ቅርንጫፉ በጣም ጥቂት፣ ቀጥ ያለው አሚሎዝ ነው። አይሶአሚሌዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ደግሞ አለቦታው የበቀለውን ቅርንጫፍ እየመለመለ ቅንጣቱ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲደራጅ ያደርጋል።

ሰፌድ ሲሰፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር ይሰፋል። የስታርች ቅንጣትም እንዲሁ ነው። ከመሃል ተነስቶ ንብርብር እየጨመረ ያድጋል። የድንችን ስታርች በማይክሮስኮፕ ስታዩት እነዚያ ዙሮች ይታያሉ። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማሳያቸው ይኼንን ነው። "ሰፌድ ነው እኮ!" ያለችኝ ተማሪ ስላለች ምሳሌው የእሷ ነው።

ጂኖቹስ ምን ሥራ አላቸው?

እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚሠራበት መመሪያ ጂን ይባላል። ኤጂፒኤዝ ሁለት ዓይነት ክፍል አለው፤ ትንሹና ትልቁ። ቲማቲም ውስጥ ለትንሹ ክፍል አንድ ጂን፣ ለትልቁ ክፍል ሦስት ጂኖች አሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቅጠሉም፣ ሥሩም፣ ፍሬውም ውስጥ ያሉት ጂኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የትኛው ጂን መቼ ይከፈታል፣ መቼ ይዘጋል የሚለው ነው። እንጭጭ ፍሬ ውስጥ የስታርች ሠሪዎቹ ጂኖች ክፍት ናቸው። ፍሬው መብሰል ሲጀምር እነሱ ይዳከሙና የአፍራሾቹ ጂኖች ይከፈታሉ።

ሲበስል የሚያፈርሰው ማነው?

ይኼን ጥያቄ ጠላ ጠማቂ ከእኔ ይልቅ በእጇ ታውቀዋለች። ገብስ ዘፍዝፋ ታበቅላለች። ብቅሉ አሚሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይሠራል። ከጋን ሲገባ እነዚያ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራሉ፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1833 ፓየንና ፐርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከብቅል ውስጥ ይኼንን ነገር ለይተው አወጡ፤ ዲያስቴዝ አሉት። በስም ተለይቶ የታወቀ የመጀመሪያው ኢንዛይም እሱ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

ሙዝና ማንጎ ውስጥም ዘመዶቹ ናቸው የሚሠሩት። ቅንጣቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝም ብሎ አይበላም። መጀመሪያ ግሉካን-ውሃ ዳይኪኔዝ የሚባል ኢንዛይም በላዩ ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ያኔ የቅንጣቱ ገጽ ይላላል። ከዚያ አልፋ-አሚሌዝ መሃል መሃሉን ይቆራርጣል። ቤታ-አሚሌዝ ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየነቀለ ማልቶዝ ያወጣል። ቅርንጫፎቹን የሚነቅልም አለ። ማልቶዙ ተበትኖ ግሉኮስ ይሆናል። ሱክሮዝ ፎስፌት ሲንቴዝ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ሱክሮዝ ይሠራል፤ ሱክሮዝ ማለት ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ነው። በመጨረሻ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ከሱክሮዙ ከፊሉን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ቀላል ስኳሮች ይከፍለዋል።

አሚሌዝ ምራቃችሁ ውስጥም አለ። ደረቅ ዳቦ ሳትውጡ ለረጅም ጊዜ አኝኩት። ጣፈጥ ማለት ይጀምራል።

"ብሰል" የሚለውን ትእዛዝ ማን ይሰጣል? እናቴ ማንጎ ጤፍ ውስጥ የምትቀብረውስ ለምንድን ነው?

ትእዛዙ ጋዝ ነው። ስሙ ኤትሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የሚባል ሩሲያዊ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ የአተር ቡቃያ እየጠመመ አስቸግሮት ምክንያቱን ሲፈልግ ከመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለው ኤትሊን መሆኑን ደረሰበት። በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ፖም ራሱ ኤትሊን እንደሚያወጣ አረጋገጠ።

ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ቲማቲም እድገታቸውን ሲጨርሱ ኤትሊን ያመነጫሉ። ጋዙ ጂኖቹን ያነቃል። ከነቁት ጂኖች ውስጥ ኤትሊን የሚሠሩትም ስላሉ ጋዙ ራሱን ያበዛል። አንዱ ሙዝ ከበሰለ ጎረቤቱም ቶሎ የሚከተለው ለዚህ ነው።

ጤፍ ውስጥ ሲቀበር ጋዙ አይበተንም፤ ፍሬው ዙሪያ ይቆያል። ሙቀቱም ደህና ነው። ጋዜጣ መጠቅለልም እንዲሁ። አቮካዶን ከበሰለ ሙዝ ጋር አንድ ላይ ብትጠቀልሉት የሙዙ ጋዝ ያፈጥነዋል። ፌስታል ውስጥ አጥብቆ ማሰር ግን አይሆንም። ኤትሊን ለመሥራት ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ፌስታሉ ያፍነዋል። እርጥበትም ይዞ ያሻግተዋል። የእናታችሁ ጤፍ አየር ያስገባል። ለዓይን ቀላል ይመስላል እንጂ ሥራው ትክክል ነው።

ማንጎው ቢጫ ሆኖ ለምን አይጣፍጥም?

የእማማ ጥያቄ ይኼ ነው። እኔም ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው እሱ ነው። ምክንያቱም ጥፋቱ ከገዢውም ከሻጯም አይደለም፤ ከብዙ ቀን በፊት ዛፉ ሥር የተደረገ ነገር ነው።

ቀለሙና ጣዕሙ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቆዳው ቢጫ የሚሆነው አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስና ከሥሩ የነበረው ቢጫ ሲገለጥ ነው። ለዚህ ኤትሊኑ ይበቃል። ጣፋጭነቱ ግን ከስታርች ነው የሚመጣው። ስታርቹ ደግሞ ዛፉ ላይ ሳለ ከቅጠሉ የተላከ ነው። ፍሬው እንጭጭ ሳለ ከተለቀመ ጎተራው ገና አልሞላም። በጋዝም፣ በጭስም፣ በጤፍም ብታበስሉት ቀለሙ ይመጣል፤ ሥጋው ይለሰልሳል። አሚሌዞቹም ይነሳሉ። የሚሰብሩት ነገር ግን የለም። ያልገባ አይወጣም።

አንድ ዓመት እኔም ወቅቱ ሳይደርስ አንድ ሣጥን ማንጎ ገዝቼ ነበር። ዋጋ ቶሎ ይወጣል ተብሎ በጥድፊያ የተለቀመ ነው። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ወርቅ መስሎ በሰለ። ልጆቹ ቀምሰው ተዉት። ጭማቂ ስናደርገው እንኳ ስኳር ፈለገ። አንድ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነገር በሦስት ሳምንት ችኮላ ሲባክን ያሳዝናል።

በካርባይድ ቢበስልስ?

አታድርጉት። ካልሲየም ካርባይድ ለብየዳ የሚያገለግል ነገር ነው። እርጥበት ሲነካው አሲቲሊን ጋዝ ያወጣል። አሲቲሊን ኤትሊንን ስለሚመስል ፍሬውን ያታልለዋል። ነገር ግን ካርባይዱ ውስጥ አርሰኒክና ፎስፈረስ ያለበት ቆሻሻ ስለሚኖር ለሚሠራውም ለሚበላውም አደገኛ ነው። በዚያ ላይ እንጭጩን አያጣፍጠውም፤ ቀለም ብቻ ይሰጠዋል።

ብርቱካን፣ ፓፓያና አቮካዶም እንዲሁ ናቸው?

አይደሉም። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አናናስና ወይን ሥጋቸው ውስጥ የስታርች ጎተራ የላቸውም። ከተለቀሙ በኋላ አይጣፍጡም። ጎምዛዛ ብርቱካን ገዝታችሁ "ቤት ይበስላል" ብላችሁ አትጠብቁ።

ፓፓያ ብዙ ሰው ያታልላል። ከተለቀመ በኋላ ይለሰልሳል፣ ቢጫ ይሆናል። ስታርቹ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ስኳሩን ዛፉ ላይ ሳለ መጨረስ አለበት። ቆዳው ላይ ቢጫ መስመር ሳይታይ ባይለቀም ጥሩ ነው።

አቮካዶ ደግሞ የሚያጠራቅመው ዘይት ነው። ዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚበስለው።

ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው?

ጥሬ ሙዝና ጥሬ ማንጎ አታስገቡ። ሙዝ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ብርድ ይጎዳዋል። ቆዳው ይጠቁራል፤ ኢንዛይሞቹ ሥራቸው ይዛባል፤ ስታርቹ በወጉ አይፈርስም። በኋላ ብታወጡትም ያው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ያኔ ሙዝ መስኮት ሥር አታሳድሩ። የበሰለ ሙዝ ግን ፍሪጅ ቢገባ ቆዳው ብቻ ነው የሚጠቁረው፤ ውስጡ ይበላል።

ሙቀትም ሲበዛ ሌላ ችግር አለ። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሙዝ ሥጋ እየበሰለ ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ድንች ግን ተቃራኒ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ያን ድንች ብትጠብሱት ቶሎ የሚጠቁረው ስኳሩ እያረረ ነው።

ስታርቹን በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ከልጆች ጋር ሞክሩት። ከመድኃኒት ቤት ቤታዲን ግዙ። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ይኼ እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ የታወቀ ነው።

እኛ ሰፈር ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደረግነው እንዲህ ነበር። ስድስት ጥሬ ሙዝ ያለው እጅ ገዛን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍን። በየቀኑ አንድ ሙዝ ለሁለት ቆርጠን የተቆረጠውን ፊት ቤታዲን ቀባነው። የመጀመሪያው ቀን ገና ጠብታው ሲያርፍ ሙሉው እንደ ከሰል ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ ተቆራረጠ፤ መሃል መሃሉ ላይ ቡናማ ደሴቶች ታዩ። በስድስተኛው ቀን ቤታዲኑ የራሱን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ቀረ። ትንሹ ልጅ ጣቱን እየጠቆመ "ጥቁሩ የት ሄደ?" አለ። ያልተቀባውን ግማሽ ሰጠሁት። በላው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የተቀባውን ግን ጣሉት፤ አይበላም።

ፖም አምራቾች መቼ እንደሚለቅሙ የሚወስኑት በዚሁ ዘዴ ነው። ፖም ውስጥ ስታርቹ ከዘሩ አካባቢ ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚጠፋ የጥቁሩን ስፋት አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ።

የቲማቲም ጣዕም የጠፋው በጂን ነው?

በከፊል አዎ። ታሪኩ ልብ ይነካል።

የድሮ ቲማቲም ዝርያዎች እንጭጭ ሳሉ አንገታቸው አካባቢ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ያ አረንጓዴ ፍሬው ራሱ በፀሐይ ስኳር የሚሠራበት ቦታ ነው። አዳቃዮች ግን ለ70 ዓመት ያህል አንድ ወጥ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ያለውን ሲመርጡ ኖሩ። ለመልቀም ይመቻል፤ ሲቀላም ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች የዚህን ምክንያት ደረሱበት። እነዚያ ዝርያዎች ውስጥ ጂኤልኬ2 የሚባል ጂን ተበላሽቷል። ያ ጂን ሲሠራ እንጭጩ ብዙ ስታርች ይይዛል፤ የበሰለው ብዙ ስኳር ይኖረዋል። ማንም ጣዕሙን ልቀንስ ብሎ አልተነሳም። ቀለሙን ሲመርጡ ጣዕሙ አብሮ ሄደ።

ሪን የሚባል ሌላ ጂን አለ፤ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የተለወጠው የሪን ጂን ያለው ቲማቲም በወጉ አይበስልም። የተለወጠውን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ድቅሎች ደግሞ መደርደሪያ ላይ ብዙ ይቆያሉ። በጣዕም በኩል ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ደስ የሚለውም አለ። በኢኳዶርና በፔሩ ተራሮች ላይ የሚበቅል የቲማቲም ዱር ዘመድ አለ። የኤጂፒኤዝን ትልቁን ክፍል የሚሠራው ጂኑ ቶሎ አይዘጋም። በተለመደው ማዳቀል ወደ እርሻ ቲማቲም ሲገባ እንጭጩ ስታርች ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፤ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል። ለዚህ ነው በየጓሮው ያለ አሮጌ ዝርያ ሲቆረጥ የምቆጨው። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡናና ጌሾ መሃል የቆመ አሮጌ ማንጎም ለእኔ እንደዚያ ነው።

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሙዝ መብላት ይችላል?

ጥሬ ወይም ገና መብሰል የጀመረ ሙዝ ውስጥ ያለው ስታርች ከፊሉ በአንጀት ቶሎ አይፈጭም። ነጠብጣብ ያወጣው ግን አብዛኛው ስኳር ስለሆነ የደም ስኳርን ፈጥኖ ከፍ ያደርጋል። መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጓሮዬ ያለውን ማንጎ መቼ ልልቀም?

ትከሻውን እዩ። እንጭጭ ማንጎ ትከሻው ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው። ሲሞላ ከአንገቱ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጉንጩም ይሞላል። ከተጠራጠራችሁ አንድ ቆርጣችሁ እዩ። እድገቱን የጨረሰ ማንጎ ዘሩ አካባቢ ቢጫ ማለት ጀምሯል፤ ቢጫነቱ የሚነሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ለተለቀመው ደግሞ ባልዲ ውሃ አቅርቡ። ጎተራው የሞላ ማንጎ ከውሃ ይከብዳል፤ ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ያልደረሰ ነው። እሱን ለአቻር ወይም ለሰላጣ ለዩት፤ ለመብሰል አታስቀምጡት።

ዛፉን አራግፋችሁ አትጣሉ፤ የተቀጠቀጠው ቦታ ይበሰብሳል። ስትቆርጡ ትንሽ እንጨት አስቀሩለት፤ ፈሳሹ ቆዳው ላይ ከወረደ ያቃጥለዋል። ሁሉንም ደግሞ በአንድ ቀን አትልቀሙ። አንድ ዛፍ ላይ ያሉት አበቦች በአንድ ቀን አልፈነዱም። ዛሬ ትከሻው የሞላውን አንሱ፤ የቀረውን ከሳምንት በኋላ መጥታችሁ እዩት።